የሎሚ ያህል ነገር

«ጨው ከሆነ የምትፈልጊው ማዶ ተሻግረሽ ግዢ። ከዚህ ቤት ሳሙናና ላምባ እንጂ አፍ የሚገባ ነገር አይወሰድም» አለች ሀቢባ፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ።

መዲና ይህን የሰማችው ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓዳ ውስጥ፣ ከጆንያ ከተሰፋው መጋረጃ በስተኋላ ሆና ሻሿን ስታስር ነው። ገዢዋ ከፎገራ ሜዳ የመጣች ባላገር መሆኗ ካነጋገሯ ያስታውቃል። «ምነው እመቴ፣ ጨው ደግሞ ምን ይሆናል ብለው ነው?» አለች ሴትዮዋ። «ጨው ምንም አይሆንም። እጅ ነው እንጂ» አለቻት ሀቢባ። ከዚያ በኋላ የሚዛኑ ሰንሰለት አልተንቀጫቀጨም፤ የሳንቲም ድምፅም አልተሰማም። ሴትዮዋ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ስትሄድ እግሯ የበረንዳውን ጠጠር ሲያንኮሻኩሸው ብቻ ተሰማ። መዲና የሻሿን ቋጠሮ ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው። ዛሬ የወረዳው ፍርድ ቤት የቀጠረበት ቀን ነው። ባሏን በመርዝ ገድላለች ወይስ አልገደለችም የሚለው ነገር ዛሬ ይለይለታል።

ሀቢባ የሟቹ የሳልህ ታላቅ እህት ናት። ነሐሴ ላይ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ «የወንድሜ ንብረት እንዳይባክን» ብላ ምንጣፏን ይዛ መጥታ ከሱቁ በር ሥር ታድራለች። ቀን ቀን ደግሞ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣ የራሷን ሕግ ታስፈጽማለች። ላምባ ይሸጣል፣ ክብሪት ይሸጣል፣ ሻማና ሳሙና ይሸጣል፤ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ግን መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ማዶ ያለው ነጋዴ ይህን አይቶ አርባ ሳንቲም የነበረውን ጨው ሃምሳ አስገባው፤ ገበሬውም እያጉረመረመ ይገዛል። መዲና ሀቢባን አልከለከለቻትም። አንድም በዋስ የተለቀቀች ተጠርጣሪ ስለሆነች፣ አንድም የባሏ ታላቅ ስለሆነች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ በየራሳቸው ድስት ያበስላሉ። ጎረቤት ውኃ ለምኖ ቢገባ እንኳ ጣሳውን ከመዲና ሲቀበል «እስቲ አንቺ ቅመሺው» ይላል፤ ትቀምስለታለች። ሲመሽ በሁለቱ መካከል የሚሰማው ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፉት የጭነት መኪናዎች ድምፅ ብቻ ነው።

ሆኖም ሀቢባ ክፉ ሴት አልነበረችም። እናታቸው ስትሞት ሳልህን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለፖሊስ የመሰከረችውም ያየችውን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሟን ለማየት የመምጣት ልማድ ነበራት። ሳልህ ከሚስቱ እጅ ምሳውን በልቶ፣ ወተቱን ጠጥቶ፣ እጁን ታጥቦ ይነሣል። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ እንደ አመድ ይነጣል፣ ላቡ ሸሚዙን ያርሰዋል፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ልቤ ልትወጣ ነው» ይላል። ከዚያ ይለቀዋል። ወባ ነው ተብሎ ክኒን ዋጠ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ተወስዶ ብሶበት ተመለሰ። ሀቢባ ግን አንድ ነገር ልብ ብላ ነበር፤ እሷ ባየችው ቁጥር ሕመሙ የሚነሣው ከምሳ በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ ምሳውን በልቶ፣ የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሰግዶ፣ ከመኪና የወረደ የጨው ጆንያ ሊያነሣ ጎንበስ ባለበት ወድቆ ሲቀር፣ የሀቢባ ጣት በቀጥታ ወደ መዲና ዞረ። ከባንኮኒው ሥርም የነቀዝ ማጥፊያ ዱቄት በጣሳ ተገኘ። ያን ዱቄት ለጎተራው የማይገዛ ገበሬ ፎገራ ውስጥ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ግን ጣሳው ምስክር ሆኖ ተቆጠረ።

የወረታ ከተማ ሰው ለመዲና ይቅር ያላላት ነገር ግን የዱቄቱ አይደለም። ፖሊስ መጥቶ ቃል ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ዘመድ ሁሉ አስከሬኑ ታጥቦ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲቀበር ፈለገ፤ ደንቡም ይኸው ነው። መዲና በሩ ላይ ቆመች። «ገደልሽው ካላችሁኝ አትቀብሩትም። ጎንደር ይሂድና ሐኪም ከፍቶ ይየው» አለች። ሀቢባ ደረቷን መታች። ወንዶቹ ወደ መሬት አዩ። የመስጊዱ ሼህ አንገታቸውን ደፍተው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ የደም ክስ ባለበት እውነቱን መፈለግ እንደማይከለከል ተናገሩ፤ የተቃወማቸው የለም፣ ደስ ያለውም የለም። ሳልህ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ሄደ፤ መዲና በእግሯ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሳልህ ተመልሶ ሲቀበር እሷ እስር ላይ ነበረች። ከእስር ስትወጣ ደግሞ «ባሏን ያስቀደደች» የሚል ስም ወጥቶላት ቆያት።

በረንዳው ላይ አያ አድማሴ እየጠበቋት ነበር። ከርብ ወንዝ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ለሳልህ ኑግ ሲሸጡለት ዘመናቸው አልፏል። ከእስር የወጣችውም እሳቸው ጥማድ በሬያቸውን አስይዘው ዋስ ሆነውላት ነው። ለሀቢባ እጅ ነሥተው መንገድ ጀመሩ።

«እህል ቀምሰሻል ልጄ?»

«አልቀመስኩም አያ።»

«እኔስ በልቻለሁ። ባለቤቴ ድንቅነሽ ‹ዋስ የሆንክላት ሴት ዛሬ ከጠፋች በሬዎችህን ሲነዷቸው የምትሮጥበት ጉልበት ያሻሃል› ብላ አስገድዳ አበላችኝ።»

መዲና ሳታስበው ፈገግ አለች። «እኔ የት እጠፋለሁ። በዚህ መረሬ ጭቃ ማን ሮጦ ያመልጣል?»

«እኔም እንደዚያ አልኳት። አሁን ሰዎች ሲቀልዱብኝ ምን እንደምላቸው ታውቂያለሽ? ሳልህ በሚዛን ሰርቆኝ አያውቅም፤ ሚዛን የማያዛባ ሰው ሚስት ሲመርጥም አይሳሳትም እላቸዋለሁ። እነሱ ይስቃሉ። ይሳቁ።»

ኅዳር ገብቷል። ክረምቱን ሙሉ ባሕር ሆኖ የከረመው ሜዳ ውኃው ሸሽቶ መሬቱ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ገበሬውም በእርጥቡ ላይ ጓያና ሽምብራ ዘርቷል። አያ አድማሴ በዱላቸው ጭቃውን እየጠነቆሉ ሲሄዱ መዲና በልቧ የያዘችውን ነገረቻቸው። ሰኔ ላይ ረመዷን ነበር። አንድ ቀን ሳልህ ከመስጊድ ፊቱ ገርጥቶ ገባ። ከቀትር በኋላ በሚሰገደው በአስር ሶላት ላይ ሕመሙ እንደያዘው፣ ታናሽ ወንድሙ ጀላል ከጎኑ ሆኖ እንደደገፈው ነገራት። ጾመኛ ነበር። ውኃ እንኳ በአፉ አልዞረም። ጀላል ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ለፖሊስ ግን «ያየሁት ነገር የለም» ብሏል። እሷ ከተፈረደባት ሱቁ ወደ እሱ ነው የሚዞረው።

«ዛሬስ ይናገር ይመስልሻል?» አሉ አያ አድማሴ።

«አልለምነውም» አለች መዲና።

ፍርድ ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ተለጥፏል፤ ከሥሩ ዳኛው፣ ከዳኛው በስተግራ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጥግ ላይ የጽሕፈት መኪናዋን የምትመታ ልጅ ተቀምጠዋል። አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው በመስኮት እያየ ነው። ሀቢባ ሱቁን ዘግታ ከኋላቸው ደርሳ ከፊት ተቀምጣለች። ጀላል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቷት ዓይኑን ሰበረ። ዶክተር መንግሥቴ የሚባለው ወጣት ሐኪም ከጎንደር የመጣው አርፍዶ ነው፤ የመንገድ አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ሰፍሯል። ምሎ ቆመ።

«አስከሬኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከጨጓራው፣ ከጉበቱና ከደሙ የተወሰደው ታሽጎ አዲስ አበባ ሄዶ ተመርምሯል። የነቀዙ መድኃኒትም ሆነ ሌላ መርዝ አልተገኘበትም።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ዐቃቤ ሕጉ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። «በምርመራ የማይገኝ መርዝ የለም ነው የሚሉን?» ሲል ጠየቀ።

«አለ፤ አልክድም» አለ ሐኪሙ። «እኔ ግን ያጣሁትን ብቻ አይደለም የምመሰክረው፤ ያገኘሁትንም ነው። ከግራ ኩላሊቱ አናት ላይ የሎሚ ያህል ዕጢ አገኘሁ። በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ አስተማሪዬም አዩት። ከመጽሐፍ ውጭ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።»

ዳኛው ሕዝቡ እንዲገባው አድርጎ እንዲያስረዳ አዘዙት። ሐኪሙ ወደ አግዳሚዎቹ ዞረ። «ሰው ጨለማ ላይ ጅብ ቢገጥመው ምን ይሆናል? ልቡ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ፊቱ ይነጣል። ይህን የሚያደርገው ሁላችንም ከኩላሊት በላይ ካለችን ትንሽ ዕጢ ወደ ደም የሚረጭ ነገር ነው። ጅቡ ሲሄድ ያቆማል። ይህ ሰው ላይ የበቀለው ዕጢ ግን ያንኑ ነገር ያለ ልክ እያመረተ ያጠራቅማል፤ ሆዱ ሲታጠፍ፣ ሸክም ሲያነሣ፣ ይጨመቅና ባንዴ ይለቀዋል። ጅቡ ከውስጡ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ልቡ አልቻለችም።»

ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲል ተሰማ። ዐቃቤ ሕጉ ግን አልተቀመጠም። «የሟቹ እህት ሕመሙ የሚነሣው ከምሳ በኋላ፣ ከተጠርጣሪዋ እጅ ሲበላ ነው ብለዋል። ዋሹ ማለት ነው?»

«አልዋሹም» አለ ሐኪሙ ወደ ሀቢባ ዞሮ። «ያዩት ልክ ነው። ከምሳ በኋላ ሟቹ ምን ያደርግ ነበር?»

ዳኛው መዲናን አዩዋት። ተነሣች። «ይሰግዳል። ከዚያ ጭነት ያወርዳል» አለች።

«ጎንበስ ቀና ማለት ነዋ» አለ ሐኪሙ። «ምሳው ጥፋት የለበትም፤ ሶላቱም የለበትም። ጫማውን ሊያስር ቢያጎነብስም ይይዘው ነበር።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሳይበላ ያመመው ጊዜ መኖሩን የሚያውቅ አለ?»

 የጽሕፈት መኪናዋ ቆመች። መዲና ወደ ሦስተኛው አግዳሚ አልዞረችም። እነዚያን ወራት ሁሉ ሌሊት ሌሊት በልቧ ስትደግመው የኖረችው ንግግር ነበራት፤ ጀላልን በስሙ ጠርታ፣ በሳልህ ነፍስ አስምላ የምታፋጥጥበት። አሁን ሁሉም ጠፋባት፤ የቀራት አጭር ሆነ።

«አለ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች። «ረመዷን ላይ፣ በጾም አፉ አሞታል። ያየው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን ግን እኔ አልጠራውም። ከተነሣ ራሱ ይነሣ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ሳሉ። ሀቢባ ወደ ኋላ ዞረች፣ ዓይኗም ረድፉን እየቃኘ ሄዶ ታናሽ ወንድሟ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጀላል ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ሲያይ ቆየና፣ ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው በዝግታ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አስር ሶላት ላይ ከጎኔ ነበር። ሁለተኛው ሱጁድ ላይ፣ ግንባሩ መሬት እንደነካ ያዘው። ላቡ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ሌሊት ስሁር ከበላ ወዲህ ምንም አልቀመሰም፤ ደግፌው የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?» አሉ ዳኛው።

«አልጠየቁኝም።»

«ተጠይቀሃል። ቃልህ እዚህ አለ።»

ጀላል ላቡን ጠረገ። «ተጠይቄያለሁ» አለ። «ሱቁን አየሁት።»

ከዚህ ወዲያ የቀረው ሥርዓት ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱንም ወገን የመስማት ትዕግሥት ያለው ሰው ነበርና፣ ሳያቅማማ ክስ የማይመሠርት መሆኑን ተናገረ። ዳኛው መዝገቡ መዘጋቱን፣ መዲና ነፃ መሆኗን፣ የዋሱ ግዴታም መውረዱን አስታወቁ። አያ አድማሴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ነሡና «በሬዎቼም አብረው ተፈቱ ማለት ነው ጌታዬ?» ሲሉ ዳኛው ሳያስቡት ሳቁ፤ አዳራሹም ተከተላቸው። ሐኪሙ ሊወጣ ቦርሳውን ካነሣ በኋላ ግን እንደገና ወደ ሰው ዞረ። «አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዕጢ አንዳንዴ በዘር ይወርዳል። ከሟቹ ወንድምና እህት መካከል ድንገት ራሱን የሚፈልጠው፣ የሚያልበው፣ ልቡ የሚደልቅበት ካለ ጎንደር መጥቶ ይታይ። በጊዜ ከተደረሰበት ተቆርጦ ይወጣል፤ ሰውየውም ይድናል።» ጀላል ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ሀቢባ አልነቀነቀችም። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስትስብ እጇ ጆሮ ግንዷ ላይ አርፎ ሲቆይ መዲና አየች።

በሩ ላይ ጀላል ጠበቃት። «መዲና» አለ። «ዘገየህ ጀላል» አለችው። «ግን ተነሣህ።» አለፈችው።

ከነሐሴ ወዲህ መዲና ከቤቷ ስትወጣና ስትገባ በመስጊዱ ጀርባ፣ በጓሮው መንገድ ነበር የምትሄደው። ዛሬ በዋናው መንገድ፣ በመኪናው መንገድ መካከል ሄደች። አያ አድማሴ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አግድመው ከጎኗ እየተራመዱ፣ ላገኙት ሰው ሁሉ ሳይጠየቁ ያወራሉ፤ እየራቁ ሲሄዱ ጅቡም እየተለቀ፣ ሎሚውም ብርቱካን እያከለ መጣ። ልብስ ሰፊዎቹ መርገጫቸውን አቁመው ተነሡላት። የጫኑትን መኪና ሸራ የሚወጥሩ ወዛደሮች ከላይ ሆነው «እንኳን አላህ አወጣሽ» አሏት። ከሜዳው ለገበያ የመጡ ሴቶች የነገሩን ጫፍ ሰምተው እልል አሉ፤ የማን ሠርግ ነው ያለም ነበር። «ባሏን ያስቀደደች እኮ ናት» ሲል አንድ ድምፅ ሰማች። ያው የድሮው ስም ነው። የተናገረው ሰውዬ ግን ሲናገር ቆቡን አውልቆ ነበር። መዲና ፊቷን አልሸፈነችም። በየደጃፉ ቆማ የሰላምታውን ሁሉ መልስ ሰጠች፤ የሳልህ ስም በተጠራ ቁጥርም እንባዋን ሳትደብቅ ጠረገች። ሰው ፊት ስታለቅስለት የመጀመሪያዋ ነበር፤ እስከ ዛሬ ብታለቅስ «የአዞ እንባ» ይሏት ነበርና።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቅዝቃለች። ሀቢባ ቀድማት ገብታ ምንጣፏን ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ በሩ ሥር ቆማለች።  

«ወዴት ነው እትዬ?» አለች መዲና።

«ጀላል ዘንድ።»

«ራስዎን ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?»

ሀቢባ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«እጅዎ ነዋ። ሲያጎነብሱ ነው የሚይዝዎ?»

ሀቢባ ምንጣፉን መሬት ላይ አስቀመጠችና እላዩ ላይ ተቀመጠች። «ስሰግድ» አለች። «ከአምና ጀምሮ ነው። የፀሐይ ምች ነው እል ነበር። አንዳንዴ ደግሞ...» የምንጣፉን ገመድ ቋጠሮ ነካካች። «አንዳንዴ ደግሞ አንቺ የነካሽው ዕቃ ነው እል ነበር።»

መዲና የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ልትቆጣ ትችል ነበር። ከዚያ እቺ ሴት ሳልህን በጀርባዋ አዝላ ርብን ስትሻገር ታሰባት፤ ሳልህ ራሱ ነበር የነገራት። «ነገ ጠዋት የጎንደር አውቶቡስ አለ። አብረን እንሄዳለን» አለች።

«በምን ፊቴ ነው ካንቺ ጋር የምሄደው?»

«ተከናንበው።»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ይቅርታውን አሁን አልፈልገውም እትዬ። ድነው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ገበያተኛው እየሰማ ይሉኛል። ስሜን በጓዳ አይደለም ያጠፉት።»

ሀቢባ በዝግታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ዓይኗ ግን አሁንም አላመነም። «እሺ፤ እሱንስ እላለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እኔ አንቺን እስር ቤት አስገብቼሽ፣ አንቺ እኔን ሐኪም ቤት የምትወስጂኝ ለምንድን ነው? ለጽድቅ ነው?»

መዲና ከመስኮቱ ባሻገር መብራታቸውን አብርተው የሚታጠፉትን መኪናዎች ለአፍታ አየች።

«የምን ጽድቅ» አለች። «እርስዎም እቤቴ ቢሞቱብኝ ደግሞ ማን ያምነኛል?»

ሀቢባ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መዲና ልቅሶ መስሏት ጎንበስ ብላ ስታያት፣ ሀቢባ አፏን በነጠላዋ አፍና እየሳቀች ነበር። ሳቁ ወደ መዲናም ተሻገረ፤ ሁለቱ ሴቶች አንዷ በምንጣፉ ላይ፣ አንዷ ባንኮኒውን ተደግፋ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማዶ ያለው ነጋዴ በሩን ሊዘጋ ወጥቶ ቆሞ አደመጣቸው፤ ምን እንደሚያስቃቸው ግን የሚነግረው ሰው አላገኘም።